«ፖርት» ስንል የትኛውን?

[የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ከዚያ ከድምፅ በታች ዝቅ ይላል]

በጅቡቲ፣ በባልባላም በአምቡሊም ያላችሁ፣ በፒኬ 12 መኪናችሁን አቁማችሁ ተራ የምትጠብቁ ሹፌሮችና ረዳቶች፣ በትራንዚት ቢሮ ሰነድ የምታገላብጡ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሰው ቤት ሥራ ላይ ሆናችሁ ሬዲዮውን ጠጋ ያላችሁ ሁሉ፣ እንኳን በሰላም ተገናኘን። እንደተለመደው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይዘን መጥተናል። የዛሬው ቃል በዚህች ከተማ ሳይነሣ ውሎ አያድርም፤ ጅቡቲ ከተማም የተቆረቆረችውና ያደገችው በእርሱ ነው። ቃሉ «ፖርት» ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ፖርት ማለት ምን ማለት ነው?

[አጭር ጸጥታ]

«ወደብ ነዋ!» እንደምትሉ አልጠራጠርም። ልክ ናችሁ። እንግዲያው ሁለተኛውን ጥያቄ ስሙኝ። የኢትዮጵያዋ ሞጆ ባሕር አላት? የላትም። ታዲያ በእንግሊዝኛ «ድራይ ፖርት»፣ በእኛ «ደረቅ ወደብ» የምንለው እንዴት ነው? ሦስተኛ፣ የመርከብ አዛዥ መሪውን ለያዘው ባሕረኛ «ፖርት!» ብሎ ሲያዝ ወደ ወደቡ ውሰደን ማለቱ ነው? አይደለም፤ ወደ ግራ አዙር ማለቱ ነው። አራተኛ፣ ስልካችሁን ቻርጅ ስታደርጉ ገመዱ የሚገባበት ትንሽ ቀዳዳም ፖርት ይባላል። ከፖርቱጋል የሚመጣ አንድ የወይን ጠጅም አለ፤ ስሙ ፖርት ነው። አንድ ድምፅ፣ አምስት ነገር!

በተቃራኒው ደግሞ መዝገበ ቃላት ገልጣችሁ የፖርትን ተመሳሳይ ቃላት ብትፈልጉ ብዙ ታገኛላችሁ። ሃርበር፣ ሄቭን፣ ዶክ፣ ዋርፍ፣ ተርሚናል እያለ ይቀጥላል። ብዙ ድምፅ፣ አንድ የሚመስል ነገር። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ሐሳብ ነው፤ ደግሜ ደጋግሜ እመለስበታለሁ። ተመሳሳይ የሚባሉ ቃላት ጎረቤታሞች ናቸው እንጂ መንትዮች አይደሉም። የአንድን ቃል ትርጉም የሚወስነው ደግሞ አጠገቡ የቆመው ቃል ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ቃልን ብቻውን ነጥሎ መሸምደድ ድካም ነው፤ ከሚውልባቸው ቃላት ጋር መያዝ ግን ዕውቀት ነው።

[ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይጠፋል]

ማስረጃውን እዚሁ ከእግራችን ሥር እንጀምር። ፖርትና ሃርበርን ብዙዎች አንድ አድርገው ያያሉ፤ መዝገበ ቃላቱም አንዱን በሌላው ይተረጉማል። ነገር ግን የዚህች ከተማ ታሪክ ሁለቱን ለያይቶ ያሳየናል። ፈረንሳዮች በዚህ ባሕር ዳር መጀመሪያ የያዙት ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሰሜን ያለውን ኦቦክን ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከዚህ በኋላም ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ ናቸው፣ በ1862 በውል ገዙት፤ በ1880ዎቹም ገዢያቸው ሌዎንስ ላጋርድ እዚያ ተቀመጠ። ኦቦክ ግን መርከብ ከነፋስና ከማዕበል የሚጠለልበት አመቺ ቦታ አልነበረም፤ ወደ ሐረርና ወደ ሸዋ ለሚወጣ የሲራራ ነጋዴም አይመችም። በዚህ ምክንያት በ1888 ከባሕረ ሰላጤው ደቡብ ጅቡቲን መሠረቱ። አሁን ልብ በሉ። በዚያን ጊዜ ጅቡቲ ውስጥ ክሬን አልነበረም፣ የጉምሩክ መጋዘን አልነበረም፣ የድንጋይ መድረክም አልነበረም። የነበረው ተፈጥሮ ያዘጋጀችው፣ ውሃው ረጋ ያለበት መጠለያ ነው። ይህ በእንግሊዝኛ ሃርበር ነው። ሰው በዚያ ላይ መድረኩን፣ መጋዘኑን፣ ጉምሩኩን ሲሠራበት ፖርት ሆነ። ሃርበሩ ፖርቱን ቀድሞት ነበር ማለት ነው።

እደግመዋለሁ፤ ሃርበር መጠለያ ነው፣ ፖርት የሥራና የንግድ ቦታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይ ስለሚገኙ አንድ መስለው ይታያሉ። ሲለያዩ ግን ልዩነቱ ፊት ለፊት ይወጣል። ሞጆን ተመልከቱ። ከባሕሩ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ ኮንቴይነር ይራገፍባታል፣ ጉምሩክ ይፈተሽባታል፣ ቀረጥ ይከፈልባታል። የፖርት ሥራ ስላላት «ድራይ ፖርት» ተባለች። «ድራይ ሃርበር» የሚል ግን አትሰሙም፤ ውሃ የሌለበት የመርከብ መጠለያ ትርጉም አይሰጥምና። የአምቡሊው አውሮፕላን ማረፊያም «ኤርፖርት» እንጂ «ኤርሃርበር» አይባልም።

ሃርበር ከመርከብ ይልቅ ከመጠለል ጋር የተሳሰረ ለመሆኑ የቃሉ ትውልድም ይመሰክራል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የሠራዊት ማደሪያ፣ የመንገደኛ መጠጊያ ማለት ነበር፤ ባሕሩ በኋላ ነው የመጣው። ዛሬም ግስ ሲሆን ይህን የድሮ ባሕርዩን አልጣለም። ወንጀለኛ መደበቅን «ሃርበር» ይሉታል፤ ቂም በልብ መያዝንም «ሃርበር ኤ ግረጅ» ይላሉ። እዚህ ቦታ ላይ ፖርትን ብትተኩ ማንም አይረዳችሁም። ታዲያ ሁለቱ ቃላት መንትዮች ቢሆኑ ኖሮ አንዱ የገባበት ሁሉ ሌላው በገባ አልነበረምን?

[አጭር የሙዚቃ ድልድይ]

ውድ አድማጮች፣ አሁን ወደ ሌላው አቅጣጫ እንዙር፤ አንድ ቃል ብዙ ትርጉም ወደያዘበት። ትራንስፖርት፣ ሪፖርት፣ ኤርፖርት፣ ፓስፖርት፣ ስፖርት፤ እነዚህን ቃላት እንግሊዝኛ የማያውቁ እናትና አባትም ይጠሯቸዋል። ሁሉም «ፖርት» አለባቸው። በሁሉም ውስጥ ያለው ፖርት ወደብ ነው? አይደለም። በላቲን ሦስት ተቀራራቢ ቃላት ነበሩ። «ፖርቱስ» ወደብ ነው፣ «ፖርታ» በር ነው፣ «ፖርታሬ» መሸከም ነው። ትራንስፖርት ተሸክሞ ማሻገር ነው፤ ሪፖርት ወሬን ተሸክሞ መመለስ ነው። ስፖርት እንኳ ከዚሁ ከመሸከም የመጣ ነው። በድሮ ፈረንሳይኛ ሐሳብን ከሥራ ነጥሎ ወደ ሌላ መውሰድ፣ መዝናናት ማለት ነበር። ፓስፖርትና ኤርፖርት ግን ከወደቡ ወገን ናቸው። የኮምፒዩተሩና የስልኩ ቀዳዳ ደግሞ ከበሩ ወገን ነው፤ መረጃም ኤሌክትሪክም የሚገባበት የሚወጣበት በር። የወይን ጠጁ ስም የመጣው ከከተማ ነው፤ ፖርቶ ከምትባለው የፖርቱጋል ከተማ። የከተማዋ ስም ራሱ ወደብ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጸመውን ስሕተት ላንሣ። «ኢምፖርት» እና «ኤክስፖርት» የሚባሉት ቃላት ወደብን የያዙ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ በጅቡቲ ለሚኖር ሰው ደግሞ ይህን ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው፤ ገቢና ወጪ ዕቃ ሁሉ በዓይኑ ፊት በወደቡ ሲያልፍ ያያልና። ነገር ግን በእነዚህ ቃላት ውስጥ ያለው ፖርት «ፖርታሬ»፣ መሸከም ነው። ኢምፖርት ተሸክሞ ማስገባት፣ ኤክስፖርት ተሸክሞ ማውጣት። ስለዚህ በቦሌ በአውሮፕላን የሚገባ መድኃኒት ኢምፖርት ነው፤ በአውሮፕላን የሚወጣ የዝዋይ አበባም ኤክስፖርት ነው፤ ሁለቱም ወደብ ሳያዩ።

የግራው «ፖርት» ታሪክ ደግሞ ጆሮ ሰጥቶ መስማት የሚገባው ነው። በድሮ ዘመን የመርከብ መሪ የሚሆነው መቅዘፊያ ከኋላ በቀኝ በኩል ይታሰር ነበር። መርከቡ በቀኙ ወደ ወደብ ቢጠጋ መቅዘፊያው ይሰበራል። ስለዚህ ምን ጊዜም በግራው ተጠግቶ ይቆማል፤ ግራው ወደ ፖርቱ የሚዞረው ጎን ሆነ። ሆኖም እንግሊዞች ለረጅም ዘመን ግራውን «ላርቦርድ»፣ ቀኙን «ስታርቦርድ» ይሉ ነበር። ሁለቱን ጮክ ብላችሁ በሉዋቸው፤ ላርቦርድ፣ ስታርቦርድ። ነፋስ በሚያፏጭበት፣ ማዕበል በሚመታበት መርከብ ላይ የሚሰማው የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው፤ ግራና ቀኝ ይምታታሉ። የብሪታንያ ባሕር ኃይል በ1844 ላርቦርድን በትእዛዝ አስቀርቶ በምትኩ ፖርት እንዲባል አደረገ፤ አሜሪካኖችም በ1846 ተከተሉት።

[ጸጥታ]

ከእናንተ መካከል አንዱ እንዲህ ብሎ ሊሞግተኝ ይችላል። «ፖርቱስና ፖርታ፣ ፖርታሬም ሳይቀር ከጥንት አንድ ሥር የወጡ ናቸው ይባላል። ታዲያ አንድ ቃል ናቸው ብንል ምን ነውር አለው?» እውነት ነው፤ የቋንቋ ሊቃውንት ሦስቱም ማለፍን፣ መሻገርን ከሚያመለክት ጥንታዊ ሥር ይመዘዛሉ ይላሉ። ነገር ግን የሺህ ዓመታት ዝምድና ዛሬ ለሚሠራ ሰው መመሪያ አይሆነውም። ኮምፒዩተር የሚጠግን ወጣት «ፖርቱ ተበላሽቷል» ሲባል ወደ ዶራሌ ወደብ አይሄድም። የሚመራው ከቃሉ አጠገብ ያለው ነገር ነው። «ዩኤስቢ ፖርት» ሲባል ዩኤስቢ የሚለው ነገረው፤ «ፖርት ሳይድ» ሲባል ሳይድ የሚለው ነገረው። የዘር ሐረግ ማወቅ ደስ ይላል፣ ለማስታወስም ይረዳል፤ ትርጉሙን የሚፈርደው ግን ጉርብትናው ነው።

ሁለተኛ ሙግት ሊነሣ ይችላል፤ ይህኛው ከበድ ያለ ነው። «እኛ ሥራችንን የምንሠራው በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በዓፋርኛ፣ በዓረብኛና በፈረንሳይኛ ነው። ጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋዎቿ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው። ሃርበርና ፖርትን መለየት ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ወረቀቱ ላይ ነው። ከኢትዮጵያ ወጪና ገቢ ዕቃ አብዛኛው በዚህ አገር ያልፋል፤ ዕቃውን የሚከተለው ሰነድ ደግሞ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ቢል ኦፍ ሌዲንግ የሚባለውን የጭነት ሰነድ አስቡት። «ፖርት ኦፍ ሎዲንግ» የሚል መስመር አለው፤ ዕቃው መርከብ ላይ የተጫነበት ወደብ ነው። «ፖርት ኦፍ ዲስቻርጅ» የሚል አለው፤ ዕቃው ከመርከብ የሚራገፍበት ነው። ከዚያ «ፕሌስ ኦፍ ዴሊቨሪ» የሚል ይመጣል፤ ዕቃው ለባለቤቱ የሚደርስበት ቦታ ነው። ባለብዙ ዘዴ በሚባለው አጓጓዝ ዕቃው በአንድ ሰነድ ከባሕር እስከ አገር ውስጥ ሲሄድ ጅቡቲ ፖርት ኦፍ ዲስቻርጅ ላይ ትጻፋለች፤ ሞጆ ደግሞ ፕሌስ ኦፍ ዴሊቨሪ ላይ።

ሞጆ ፖርት ትባል የለም እንዴ? ትባላለች፤ «ድራይ» ከሚለው ቃል ጋር። መርከብ ስለማይደርስባት ግን ፖርት ኦፍ ዲስቻርጅ ልትሆን አትችልም። «ፖርት ማለት ወደብ፣ ሞጆም ወደብ» ብሎ የሸመደደ ሰው በዚህ መስመር ላይ ይሳሳታል። ቃሉን ከጓደኞቹ ጋር የያዘ ሰው ግን አይሳሳትም። መንገደኞችም ይህን ያዙልኝ፤ የመግቢያ ፎርም ላይ «ፖርት ኦፍ ኤንትሪ» የሚል ጥያቄ ብታገኙ የሚጠይቃችሁ ስለ ባሕር ወደብ ብቻ አይደለም፤ ወደ አገሩ የምትገቡበትን በር ነው። በአውሮፕላን የሚገባ የአውሮፕላን ማረፊያውን ስም ይጽፋል፤ በመኪና የሚገባ የድንበር ኬላውን።

ተርሚናል የሚለውም እንዲሁ ነው። በአማርኛችን ሁሉንም «ወደብ» እንላለን፤ ሹፌሩም «ወደብ ገባሁ» ይላል። በሰነድ ቋንቋ ግን አንድ ፖርት ብዙ ተርሚናል ሊኖረው ይችላል። ዶራሌ ላይ በ2009 የተመረቀ የኮንቴይነር ተርሚናል አለ፤ የነዳጅ ተርሚናል አለ፤ በ2017 የተመረቀው ሁለገብ ወደብ አለ፤ ከተማው ጫፍ ላይ ደግሞ አሮጌው ወደብ አለ። በሮቻቸው የተለያዩ ናቸው። ወረቀቱ ተርሚናሉን በስም ሲጠራ ፖርት ብሎ መተርጎም ሹፌሩን ወደ ሌላ በር መላክ ሊሆን ይችላል። መርከቡ ተጠግቶ የሚታሰርበት የድንጋይ መድረክ ደግሞ በፊደል ኪዩ፣ ዩ፣ ኤ፣ ዋይ ተብሎ ይጻፍና «ኪ» ተብሎ ይነበባል፤ ልክ ቁልፍ እንደሚባለው ቃል። የጅቡቲ ሰው በፈረንሳይኛ «ኬ» የሚለው እርሱው ነው።

[የሙዚቃ ድልድይ]

ፈረንሳይኛን ካነሣን ዘንድ፣ በዚህች ከተማ መኖር ለእንግሊዝኛ ተማሪ ጥቅምም ወጥመድም አለው። ጥቅሙ፣ እንግሊዝኛ የደበቀውን ፈረንሳይኛ ይገልጠዋል። በር «ፖርት» ተብሎ መጨረሻው ይሰማል፤ ወደብ ሲሆን ግን «ፖር» ተብሎ የመጨረሻዋ ፊደል ትዋጣለች። ኮንቴይነር የሚጭን መርከብ «ፖርት ኮንትነር» ነው፤ ተሸካሚ ማለት ነው። በርና ወደብ በየድምፃቸው ተለይተው ይሰማሉ። ወጥመዱ ደግሞ ይህ ነው። በሥራ ቦታዎች በፈረንሳይኛ የሚለጠፍ አንድ ማስታወቂያ አለ፤ «ፖር ዱ ካስክ ኦብሊጋቷር» ይላል። ስለ ወደብ የሚናገር ይመስላል፤ የሚለው ግን «የራስ መከላከያ ቆብ ማድረግ ግዴታ ነው» ነው። በሌላ በኩል የመርከቡን ግራ ፈረንሳዮች ፖር አይሉትም፤ «ባቦር» ይሉታል። ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ስትሻገሩም ቃሉን ብቻ ይዛችሁ አትሻገሩ፤ ሙሉውን ሐረግ ይዛችሁ ተሻገሩ።

በገዛ ቋንቋችንም ቢሆን ነገሩ አይለወጥም። ሞተ፣ አረፈ፣ ተሰዋ የሚሉትን ተመልከቱ። የሦስቱም ፍሬ ነገር የሕይወት ማለፍ ነው። ግን የጎረቤታችሁ ፍየል ስትሞት «አረፈች» ትላላችሁ? አትሉም። በጦር ሜዳ ለወደቀ «ተሰዋ» ይባላል፤ በሽምግልና አልጋው ላይ ላለፈው አይባልም። ለቅሶ ቤት ገብቶ «አባታችሁ መቼ ሞቱ?» ከማለት «መቼ አረፉ?» ማለት እንዲሻል ማንም መምህር አላስተማረንም፤ ከሰው መሐል ኖረን ነው የተማርነው። አማርኛ ይህን ያህል ከለየ እንግሊዝኛም እንዲሁ ይለያል። የባዕድ ቋንቋ ተማሪ ያልታደለው ነገር በዚያ ቋንቋ ሰዎች መሐል ማደግ ነው፤ ስለዚህ የቃሉን ጎረቤቶች በራሱ ጥረት መሰብሰብ አለበት።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ሙግት የመምህራን ሙግት ነው። «ተመሳሳይ ቃላትን ማስተማር አንባቢን ያበለጽጋል፤ ፈተናም ላይ ይመጣል። ተማሪውን ካስፈራራችሁት ከነጭራሹ ይተወዋል» ይላሉ። ማበልጸጉን አልክድም። ድርሰት የሚጽፍ ተማሪ ብዙ ቃል ይፈልጋል፤ አንድ ቃል በየመስመሩ ሲደጋገም ያሰለቻል። ነገር ግን «ፖርት እኩል ይሆናል ሃርበር» ብሎ ማስጻፍ ሀብት መስጠት አይደለም፤ ተማሪው ነገ ሰነድ ላይ የሚከፍለው ዕዳ ነው። ባሕረኞች ራሳቸው የፈረዱበት ነገርም አለ። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2001 ለመርከቦች የሬዲዮ ንግግርና ለመርከብ ውስጥ ትእዛዝ የሚሆን መደበኛ የእንግሊዝኛ ሐረግ ስብስብ አጸደቀ። ከመርሆዎቹ አንዱ ተመሳሳይ ቃላትን ማስወገድ ነው፤ ለአንድ ነገር አንድ አባባል። አንዱ ባሕረኛ ፊሊፒናዊ፣ ሌላው ሕንዳዊ፣ ሦስተኛው ኢትዮጵያዊ በሆነበት መርከብ ላይ የቃላት ብዛት ሕይወት ሊያሳጣ ስለሚችል ነው። ስለዚህ መምህራን፣ ተመሳሳይ ቃላትን አስተምሩ፤ ግን እያንዳንዱን ከዐረፍተ ነገሩ ጋር፣ ከማይገባበት ቦታም ጋር አስተምሩ።

አሁን እስቲ ጮክ ብላችሁ መልሱልኝ። «ሴፍ ሄቭን» ሲባል ሄቭን ምንድን ነው? መጠጊያ። መርከብ ይፈልጋል? አይፈልግም፤ ስደተኛም መጠጊያ ይሻል። «በርዝ» ሲባልስ? አንድ መርከብ የምትታሰርበት የራሷ ቦታ፤ በባቡር ውስጥ ሲሆን ግን የመንገደኛ መኝታ ነው። ከምን ለየነው? አጠገቡ ካለው ቃል።

[የመዝጊያ ሙዚቃ በዝግታ ይገባል]

ውድ አድማጮች፣ የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ። በእጃችሁ ከሚያልፈው ሰነድ፣ ከስልካችሁ፣ ከመንገድ ማስታወቂያ ፖርት የሚል ቃል ያለባቸውን ሐረጎች ፈልጉና በደብተር ጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ወደብ፣ በር፣ መሸከም ወይስ ግራ እንደሆነ አስፍሩ። ልጆች ያሏችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ሥሩት። በሚቀጥለው ሳምንት ቃላችን «ቻርጅ» ነው፤ ስልክ ላይም፣ ሒሳብ ላይም፣ ፍርድ ቤትም የምታገኙት ቃል። የምታውቋቸውን ትርጉሞቹን ከአሁኑ ከነዐረፍተ ነገራቸው አዘጋጅታችሁ ጠብቁን። ሰላም ዋሉ።

[ሙዚቃው ከፍ ብሎ ዝግጅቱ ያበቃል]